ከተማሪ ቤት የጠፋው ልጅ

ስለ ቅዱስ ያሬድ ሲነሳ ሁሉም ሰው ቶሎ ብሎ የሚያወራው ስለ ሦስቱ ወፎች ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ነው፤ ትምህርት እምቢ ያለው ልጅ።

እንደ ትውፊቱ ያሬድ በ505 እ.ኤ.አ. አክሱም ላይ ተወለደ። አባቱ ሲሞት እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። መዝሙረ ዳዊት ቢማር፣ ቢማር አልያዝ አለው። አጎቱ ገረፉት፤ ጓደኞቹ ሳቁበት። (ዱላ ትምህርት ያስገባል የሚለው እምነት እኛም ዘመን ድረስ ዘልቋል፣ የቀመሰ ያውቀዋል።) መረረውና ጠፋ። መንገድ ላይ ዛፍ ሥር አረፍ እንዳለ አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስትታገል አየ። ስድስት ጊዜ ወደቀች፣ በሰባተኛው ወጣች። ያሬድም ተመለሰ።

ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ዜማዎች፣ እነ ድጓና ጾመ ድጓም በእሱ ስም ነው የሚታወቁት። ገድሉ ግን የተጻፈው እሱ ካለፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ትውፊቱን ትውፊት ብለን ብንጽፍ ለያሬድ ክብር የሚቀንስበት አይመስለኝም።

ዜማው ያለ ከበሮ አይደምቅም። እኛ ሠፈር፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ በበዓል ሌሊት ድምፁ አልጋችን ድረስ ይመጣል። ከበሮ ከተቦረቦረ ግንድ ይሠራል፤ ሁለቱም አፉ በቆዳ ተወጥሮ በጠፍር ይታሰራል። ሰፊው አፍ ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። መቺው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሁለት እጁ ይመታዋል። ሊቃውንቱ ሁለቱን አፎች ብሉይና ሐዲስ፣ ጠፍሩን ደግሞ በክርስቶስ ገላ ላይ ያረፈው የግርፋት ሰንበር ይሉታል። ዝማሜው በመቋሚያ ብቻ ይሄዳል። መረግድ ላይ ከበሮው በዝግታ ይገባል፣ ጽፋት ላይ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይጨመርበታል፤ ያኔ ቆሞ ማየት ብቻ ይከብዳል።

አንድ ቀን ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በተመስጦ ጦራቸውን እግሩ ላይ ተከሉት ይባላል። ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም አልታወቃቸውም። ንጉሡ ደንግጠው የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅዱለት ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፤ እንዲያሰናብቱት ብቻ ለመነ። አዝነው ለቀቁት። አክሱምን ትቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፣ እዚያም ኖረ። ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 11 ታስበዋለች።