ዓሊማም ሐኪምም የነበረችው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ)

ሕክምና የምታጠና እህት ብዙ ጊዜ ከሁለት በኩል ትገፋለች። አንዱ ዲኗን በቅጡ ማወቅ ከፈለገች ትምህርቷን ትታ መድረሳ እንድትገባ ይመክራታል። ሌላው ቂርኣቱን እስክትመረቅ እንድታቆየው ይነግራታል። በዚህ እትም የምናነሳት ሴት ሁለቱን ዕውቀቶች አንድ ላይ ይዛ የኖረች ናት፤ የምእመናን እናት ዓኢሻ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ)።

ዓኢሻ የተወለደችው መካ ውስጥ ከአቡ በክር አስ-ሲዲቅና ከኡሙ ሩማን ነው። አባቷ የቁረይሾችን የዘር ሐረግ ጠንቅቀው በማወቅ ስመ ጥር ነበሩ። ከሂጅራ በኋላ የኖረችበት ጠባብ ክፍል ከመዲናው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ጋር የተያያዘ ነበር። የሰማችው ነገር ካልገባት እስኪገባት ድረስ ትጠይቃለች እንጂ ዝም ብላ አታልፍም።

በኡሑድ ዕለት ከኡሙ ሱለይም ጋር የውሃ አቁማዳ በጀርባዋ እያመላለሰች ሰዎቹን አጠጥታለች። ሕክምናን የተማረችው ግን በቤቷ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዕድሜያቸው መጨረሻ ሕመም ሲበረታባቸው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጡ የዐረብ ልዑካን መድኃኒት ይጠቁሟቸው ነበር። እያዘጋጀች የምታክማቸው ዓኢሻ ነበረች። የእህቷ የአስማእ ልጅ ዑርዋ በፊቅህና በግጥም ዕውቀቷ አልተገረመም፤ የነቢዩ ባለቤትና የአቡ በክር ልጅ ናትና። ሕክምናውን ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቃት የመለሰችለት ይህንኑ ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ በእሷ ክፍል ወደ አኺራ ሄዱ። ከዚያ በኋላ 47 ዓመት ያህል አስተማረች። ከእሷ የተላለፉት ሐዲሶች 2,210 ናቸው። ታላላቅ ሶሃባዎች ሲቸገሩ ይጠይቋታል፤ ሲሳሳቱም በማስረጃ ታርማቸው ነበር። ከእጇ ከወጡት መካከል ዑርዋ፣ ቃሲም ኢብኑ ሙሐመድና ዐምራ ቢንት ዐብዱረሕማን ይገኛሉ። ኋላ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ሐዲስ እንዲጻፍ ሲያዝዙ የዐምራ ዕውቀት እንዳይጠፋ ለይተው አሳስበዋል።

ፊቅህና የሰውነት ጉዳይ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ከትምህርቷ እናያለን። የመዲና ሴቶች የሐይድ ማብቃት ሲያጠራጥራቸው ጥጡን በትንሽ ዕቃ አድርገው ይልኩላት ነበር፤ እሷም ነጩን ፈሳሽ እስኪያዩ እንዳይቸኩሉ ትመልስላቸዋለች። ሴቶች ለትጥበት ሹሩባቸውን እንዲፈቱ ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር እንደሚያዙ ስትሰማም ተቃወመች፤ እሷ ራሷ ከነቢዩ ጋር ስትታጠብ ፀጉሯ ላይ ሦስት ጊዜ ከማፍሰስ አልጨመረችም ነበርና። የታመመና ሐዘን የደረሰበት ሰው ደግሞ ተልቢና እንዲሰጠው ታዝ ነበር፤ ከገብስ የሚሠራ፣ የእኛን አገር አጥሚት የሚመስል ነው። የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸውም ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው ነው።

በ58ኛው ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር አረፈች። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሰገዱባት፤ በሌሊትም በበቂዕ ተቀበረች።

እርግጥ ነው፣ የዛሬ ሕክምና በቤት ውስጥ በማስታመም ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ረጅም ዓመታት ይበላል። ዒልምም እንደዚሁ ነው። ሁሉም እህት በሁለቱም ጫፍ መድረስ አይጠበቅባትም። ነገር ግን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አንዱን የሌላው ጠላት አላደረገችውም። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናን ከፈርዱ ኪፋያ ቆጥረው፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ሲሮጥ ይህ ግዴታ መዘንጋቱን ወቅሰዋል። ዛሬ ደሙ አልቆም ያላት እናት ሶላቷንና ጾሟን ምን እንደምታደርግ ግራ ሲገባት፣ ሐኪሟ የኢስቲሓዳን ፊቅህ ብታውቅ ስንት ጭንቀት ይቀልላት ነበር! ዓሊማዋም የሰውነትን ነገር ከሐኪም ጠይቃ ብትመልስላት እንዲሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ ነጭ ጋዋን የለበስሽ እንደሆነ የጠሃራን ምዕራፍ ከአንዲት ኡስታዛ ዘንድ ቅሪ፤ በሳምንት አንድ ሰዓትም ቢሆን። ኪታብ የያዝሽ እንደሆነ ደግሞ ሐኪም እህትሽን ለመጠየቅ አትፈሪ። አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን። ኣሚን።