የቁጥር መዝገብ ጠባቂው ዶክተር ጆናታን ፖስቴል

ኮምፒዩተሮች የሚግባቡት በቁጥር ስለሆነ፣ የትኛው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚመዘግብ ታማኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን ሥራ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የያዙት ዶክተር ጆናታን ፖስቴል ናቸው።

ፖስቴል እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1943 በካሊፎርኒያ ተወለዱ። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት በ1969 ሲጀመር የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለው እርሳቸው በሚማሩበት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበርና ከሥራው ገቡ። በ1972 ቁጥር የሚያድል አንድ ኃላፊ እንዲኖር ሐሳብ ያቀረቡት ራሳቸው ሲሆኑ፣ ሥራውም በእጃቸው ቀረ። በ1974 የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ ከ1977 ጀምሮም በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ሆነው፣ ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር መዝገቡን እያደሱ ያወጡ ነበር። ጺማቸውን ያሳደጉ፣ በሰንደል ጫማ የሚመላለሱ ሰው ነበሩ።

የሥራቸውን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1994 የወጣው መዝገባቸው፣ አር.ኤፍ.ሲ. 1700፣ ለኔትወርክ ኢንተርፌስ ዓይነቶች ሁለት ልዩ ልዩ ዝርዝሮች ነበሩት። ለአድራሻ መፈለጊያው ፕሮቶኮል፣ ለኤ.አር.ፒ.፣ የተዘጋጀው ኤተርኔትን 1 ይለዋል። ለኔትወርክ መቆጣጠሪያው፣ ለኤስ.ኤን.ኤም.ፒ.፣ የተዘጋጀው ደግሞ ያንኑ ኤተርኔት 6 ይለዋል። ሁለቱም ለየዓላማቸው ትክክል ናቸው። ችግሩ የመጣው ከዩኒክስ ቤተሰብ ነው፤ የቢ.ኤስ.ዲ. ዝርያዎች ሁለተኛውን ሲይዙ ሊኑክስ የመጀመሪያውን ያዘ። ሊኑክስ በዝርዝሩ ላላገኛቸውም የራሱን ቁጥር ጨመረ፤ ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበትን ሉፕባክ 772 አለው። ቢ.ኤስ.ዲ. ግን ሉፕባክን 24 ይለዋል፤ በኤ.አር.ፒ. ዝርዝር 24 ማለት ፋየርዋየር ነው!

እንግዲህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከአሶሳ በስተደቡብ ባለችው በቶንጎ የተተከለ የሊኑክስ ማሽን ከአዲስ አበባ የሚቆጣጠር ባለሙያ ይኑር እንበል። ከማሽኑ ያገኘውን 1 ሳይመነዝር በኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. ዝርዝር ቢያነበው፣ በዚያ ዝርዝር 1 ማለት «ሌላ» ነውና ጤናማው የኤተርኔት መስመር ከተረፈ ምርፉ ጋር ይመደባል። ክትትሉ ኤተርኔትን ብቻ እንዲያይ ተደርጎ ከሆነ፣ መስመሩ ቢቆረጥ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም፤ ጠጋኙ ወደ ቶንጎ የሚነሣው ነዋሪው አቤት ካለ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው የኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. ፕሮግራም መልስ ከመስጠቱ በፊት 1ን ወደ 6፣ 772ን ወደ 24 ይመነዝራል። ሥራው አሰልቺ ይመስላል። ሆኖም እያንዳንዱ ዝርዝር በውስጡ ያልተምታታና በይፋ የተጻፈ ባይሆን ኖሮ ምንዛሪው ባልተቻለ ነበር። ለ772 ግን የፖስቴል መዝገብ አይመሰክርም፤ የሊኑክስን ኮድ መመልከት ግድ ነው።

ኢትዮጵያም ከዚሁ መዝገብ ድርሻዋን አግኝታለች፤ «ኢ.ቲ.» የተባለው የኢንተርኔት መለያዋ ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም. የተመዘገበው ፖስቴል ይመሩት በነበረው ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 1998 ፖስቴል ከዋናዎቹ የስም ሰርቨሮች ስምንቱ መረጃቸውን ከእርሳቸው ተቋም እንዲወስዱ አደረጉ። የአሜሪካ መንግሥት ተቃወመ፤ እርሳቸውም ወዲያው መለሱት። ያን ያህል ሥልጣን በአንድ ሰው መታመን ላይ ብቻ ቆሞ መኖሩ ያስገርማል። በዚያው ዓመት ሥራውን የሚረከበው አይካን ተቋቋመ፤ ፖስቴልም ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኦክቶበር 16 ቀን በ55 ዓመታቸው አረፉ። ሁለቱ ዝርዝሮች ዛሬም አዳዲስ ቁጥር ይጨመርባቸዋል፤ ኤተርኔት በአንዱ 1፣ በሌላው 6 እንደሆነ ነው።