ኦዲ መርፊ፡- የአንድ ሰዓት ጀግንነት፣ የ26 ዓመት ቁስል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉ አሜሪካውያን መካከል የኦዲ መርፊን ያህል ስሙ የገነነና በሽልማት ላይ ሽልማት የተደረበለት ወታደር ማግኘት ያስቸግራል። ከጦርነቱ በኋላም ከ40 በላይ በሆኑ ፊልሞች ላይ ተውኗል። ይሁንና የሕይወቱ ታሪክ ከሜዳሊያውም ከፊልሙም ይሰፋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርፊ በቴክሳስ ግዛት ጁን 20 ቀን 1925 የተወለደው የሰው መሬት እያረሱ ከሚኖሩ ደሃ ወላጆች ነው። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሲሄድ፣ ልጁ ትምህርቱን ከ5ኛ ክፍል አቋርጦ ጥጥ ለቀማ ገባ። ጠመንጃ መተኮስን የለመደውም ለጦርነት ሳይሆን፣ ጥንቸል እያደነ ታናናሾቹን ለመመገብ ነበር። እናቱ በ1941 ስትሞት ሦስቱ ትንንሾች ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተላኩ።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ሊቀጠር ቢሄድም፣ የባሕር ወለድ ጦሩም ሆነ የአየር ወለዱ አልተቀበሉትም። ዕድሜው ያልደረሰ፣ ክብደቱ ከ51 ኪሎ እምብዛም የማያልፍ ልጅ ነበርና። በመጨረሻ እህቱ ዕድሜውን በአንድ ዓመት ከፍ አድርጋ ስለመሰከረችለት፣ በጁን 1942 እግረኛው ጦር ተቀበለው።

በ3ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር በሲሲሊ፣ በጣሊያንና በደቡብ ፈረንሳይ ተዋጋ። ኦገስት 15 ቀን 1944 ራማቱዌል በተባለው የፈረንሳይ መንደር አቅራቢያ፣ እጅ የሰጡ መስለው የቀረቡ የጀርመን ወታደሮች የቅርብ ጓደኛውን ላቲ ቲፕተንን ገደሉበት። መርፊ ብቻውን ምሽጋቸው ድረስ ዘልቆ በወሰደው እርምጃ፣ በጦሩ የሁለተኛ ደረጃ የሆነውን የጀግንነት ሜዳሊያ አገኘ። የጓደኛው ሞት ግን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም።

ዋናው ቀን ጃንዋሪ 26 ቀን 1945 ነው። ሆልትስቪር በተባለች የምሥራቅ ፈረንሳይ መንደር አጠገብ፣ ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ፣ 6 የጀርመን ታንኮች እግረኛ አስከትለው መጡ። ምክትል መቶ አለቃ መርፊ የሚመራው የሻምበል ጦር ቀደም ባሉት ቀናት ውጊያ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። ወታደሮቹ ወደ ጫካው እንዲያፈገፍጉ አዘዘና እሱ እዚያው ቀርቶ በመስክ ስልክ የመድፍ ተኩስ ማስመታት ቀጠለ። ጠላት ሲቀርብ፣ ተመትቶ በመንደድ ላይ ያለና በማንኛውም ቅጽበት ሊፈነዳ የሚችል ፀረ ታንክ ተሽከርካሪ ላይ ወጥቶ በላዩ ያለውን ከባድ መትረየስ ጨበጠ። በሦስት አቅጣጫ እየተተኮሰበት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ተከላከለ። እግሩን ቢቆስልም ጥይቱ እስኪያልቅ አልወረደም። ከዚያም ሕክምና አልፈልግም ብሎ ወታደሮቹን በማሰባሰብ መልሶ ማጥቃት አካሄደ፤ ጠላትም ለቆ ሄደ።

ለዚህ ተግባሩ የአገሪቱ ከፍተኛ የጦር ሜዳ ክብር የሆነውን ሜዳል ኦፍ ኦነር ጁን 2 ቀን 1945 ኦስትሪያ ውስጥ ሌተና ጄኔራል አሌክሳንደር ፓች አጠለቁለት። ያን ዕለት 20 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ይቀሩት ነበር።

ወደ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ በሰልፍ ተቀበለው፤ ታዋቂው ተዋናይ ጄምስ ካግኒም ወደ ሆሊውድ ጠራው። በ1955 በራሱ የጦርነት ትዝታ ላይ በተሠራው ፊልም ራሱን ሆኖ ተወነ። ሕዝቡ በደስታ ያጨበጨበለት ያ ሰው ግን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛ ነበር፤ የመጀመሪያ ትዳሩም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በ1960ዎቹ የእንቅልፍ ኪኒን ሱሰኛ ሆነ። ሱሱን ሲረዳ ሆቴል ክፍል ውስጥ ራሱን ቆልፎ፣ ስቃዩን ችሎ ኪኒኑን ተወ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ከሆልትስቪሩ ውሎ የማይተናነስ ድፍረት ነው። ወታደር የአእምሮ ጭንቀቱን መናገር እንደ ፍርሃት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ሕመሙን ለሕዝብ ገልጦ ተናገረ፤ መንግሥትም ጦርነት በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲያጠናና ተመላሾችን እንዲያክም ወተወተ። ሕመሙ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1980 ነው። መርፊ ያንን አላየም። ሜይ 28 ቀን 1971 በቨርጂኒያ ተራራ ላይ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ በ45 ዓመቱ ሞቷል።

በአርሊንግተን መካነ መቃብር ሜዳል ኦፍ ኦነር የተሸለሙ ሰዎች ስም በወርቅ ቅብ ይጻፋል። የእሱ ግን በራሱ ፍላጎት እንደ ማንኛውም ተራ ወታደር ነው፤ የትውልድ ዓመቱም ለመቀጠር ሲል የተጨመረው 1924 እንደሆነ ቀርቷል። በሳን አንቶኒዮ ከተማ የሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታልም በስሙ ተሰይሟል። ከሐውልት ይልቅ ሐኪም ቤት መሆኑ ተገቢ ነው። ሜዳሊያ በአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ይጠለቃል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰን ሰው ማዳን ግን ዓመታትን የሚጠይቅ የመንግሥት ዕዳ ነው።