የቍስቋሟ እቴጌ

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት በሕመም ምክንያት ነው ይባላል። ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በአገር ውስጥ ሲዘዋወሩ ቋራ ላይ ብርቱ ንዳድ ያዛቸው። ያረፉት በምንትዋብ አባት ቤት ነበርና ወጣቷ ምንትዋብ እንግዳው ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ውሃ እያቀረቡ፣ ምግብ እያበሉ አስታመሙ። ንጉሡም ድነው ጎንደር ከተመለሱ በኋላ ያን ውለታ ሳይረሱ ምንትዋብን አስመጥተው አገቡ። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሳይዳብር አልቀረም፤ ቢሆንም ለእቴጌይቱ ጠባይ የሚስማማ ነው።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ስለ ነበሩ እናትየው ዘውድ ደፍተው መንግሥቱን አብረው ያዙ። በጣና ደሴት ናርጋ ሥላሴን፣ ከጎንደር ወጣ ብሎም የቍስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ግንብ አሠሩ። ከዚያ በኋላ ግን መከራ ተከታተለ። በ1747 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አረፉ፤ በ1761 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። እቴጌይቱም ሥልጣናቸውን አጥተው በቍስቋም ተቀመጡ። የቀራቸው ቤተ ሰባቸው ነበር።

በየካቲት 1762 ዓ.ም. ፈንጣጣ ወደዚያው ቤት ገባ። ይህ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. ስለ ታወጀ የዛሬ ልጆች አያውቁትም፤ በዚያ ዘመን ግን ከገባበት ቤት ሰው ሳይወስድ የሚወጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነበር። ከታመሙት መካከል የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ይገኝበት ነበር። በዚያው ወር የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር የደረሰው የስኮትላንድ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ተጠራ።

የአገሩ ልማድ በሽተኛውን በር ዘግቶ፣ እሳት አንድዶ ከነፋስ መከልከል ነበር። ብሩስ በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ይህንም የተማረው ሶርያ ውስጥ በሐለብ ከተማ ከነበረ ወዳጁ ሐኪም ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ብርቅ መድኃኒት ይጠብቅ የነበረ ሰው ሳይገረም አልቀረም፤ ነፋሱም፣ ውሃውም፣ ዕጣኑም ከቤቱ ጠፍተው አያውቁምና። ሞት ፈጽሞ አልማራቸውም፤ ከራስ ሚካኤል ልጆች አንዱ በዚሁ በሽታ ሞተ። ክንፉ ግን ዳነ።

እናትና አያት ውለታውን በተግባር መለሱ። እቴጌይቱ ለብሩስ በቍስቋም ማረፊያ ሰጡት፤ በጎንደር በቆየበት ዘመን ሁሉ ጠባቂው ሆኑ። ወይዘሮ አስቴርም ጠላት በበዛበት አገር አለኝታው ነበሩ። እርሱም በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ጎንደርን ለቅቆ በስናር አድርጎ፣ በኋላ ካርቱም በተቈረቈረችበት የነጭና የጥቁር ዓባይ መገናኛ አቅራቢያ አልፎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። አጽማቸው ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው አጽም ጋር በዚያው በቍስቋም ይገኛል።