ምስጢሩ ሲነበብበት የኖረው እንደራሴ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ፣ በመርሳና በወልዲያ አልፎ ወደ አምባላጌ የሚዘልቀው መንገድ በ1933 ዓ.ም. የአንድ ሰው ዕድል የተዘጋበት መንገድ ነው። ይኸውም በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣሊያ ንጉሥ እንደራሴ የነበረው አሜዴዮ፣ ዱክ ዳኦስታ ነው።

ዱኩ በ1891 ዓ.ም. ከንጉሣውያን ቤተሰብ በቶሪኖ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ተሰለፈ፤ ኋላም ማንነቱን ደብቆ በኮንጎ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሠራ፤ ሕግ ተማረ፤ አውሮፕላን ነጂ ሆነ። በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒን ተክቶ አዲስ አበባ ገባ። ከግራዚያኒ ለስለስ ያለ መሆኑ ይነገርለታል፤ ቢለዝብም ያው የወራሪ አገዛዝ ነበርና አርበኞች ከጫካ አልወጡም።

ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ስታውጅ የስዊዝ ቦይ በእንግሊዞች እጅ ስለ ነበረ ግዛቱ ከሮማ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ የዱኩ ትእዛዝና ሪፖርት በአብዛኛው በሬዲዮ ቴሌግራም፣ ቃላትን በቁጥር በሚተካ የምስጢር መጽሐፍ እየተገለበጠ ይተላለፍ ጀመር። ሬዲዮ ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ከኅዳር 1933 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገርና በካይሮ የተቀመጡ ፈቺዎች ዋናውን ምስጢር ያነቡ ነበር፤ በተከበበ አገር ውስጥ አዲስ መጽሐፍ ማዳረስ ደግሞ ቀላል አልነበረም። የኢጣሊያ ጦር ከሰላን ለቆ ሊሸሽ መሆኑን እንግሊዞች ከዚሁ ስለ ተረዱ፣ ለየካቲት የታሰበውን ዘመቻ አስቀድመው በጥምቀት ዕለት ጀመሩ። የሚያስገርመው፣ ከአምስት ዓመት በፊት በማይጨው ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱን የሬዲዮ መልእክት ጠልፈው ያነበቡት ኢጣሊያኖች ራሳቸው ነበሩ።

የኮምፒዩተር ባለሙያ ይህን ጉድለት ያውቀዋል። የሥርዓተ ክወና እምብርት የሆነው ከርነል ማሽኑ በተነሣ ቁጥር በማስታወሻ ውስጥ ያለውን አድራሻ ያቀያይራል፤ ነገር ግን ማሽኑ እንደ ገና እስኪነሣ ድረስ ያው እንደ ጸና ይቈያል። አንዲት አድራሻ ካፈተለከች የብዙዎቹ ስፍራ በስሌት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ሜልትዳውን የባሰ ነበር፤ ከማስታወሻ ንባብ የጊዜ ልዩነት ብቻ ተነሥቶ የከርነሉን ምስጢር ያወጣል። በሩ አልተሰበረ፣ ዕቃው አልጎደለ፤ ባለቤቱ በምን ይጠርጥር? ዱኩም እንደዚሁ ነበር።

ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን ወደቀች። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በመርሳና በወልዲያ በኩል ከደቡብ፣ የሕንድ ወታደሮች ከሰሜን መጡ፤ የራስ ሥዩም መንገሻ አርበኞችም ተጨመሩ። ዱኩ ግንቦት 11 ቀን በአምባላጌ እጁን ሰጠ። ተማርኮ ወደ ኬንያ ተወሰደና የካቲት 24 ቀን 1934 ዓ.ም. በናይሮቢ በሕመም ሞተ። መቃብሩ በኒየሪ ከወታደሮቹ ጋር ነው። እንግሊዞች የጠላቶቻቸውን ምስጢር ሲፈቱ መኖራቸው በሰፊው የታወቀው እሱ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው።