እጁን የመረመረ ሐኪም

በጀጎል ግንብ ውስጥ እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቀርብም። ከቤቱ ልጆች አንዱ ኩስኩስቱንና ማስታጠቢያውን ይዞ ከታላቁ ጀምሮ በየተራው ያስታጥባል። እንጀራ ለመቍረስ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው የታመመ ሰውን ሳይታጠብ ቢነካ ምን ይባላል? ከሐረር እጅግ ርቆ በቪየና ከተማ የሠራ አንድ ሐኪም ዕድሜውን ስለዚህ ጉዳይ ፈጀ። ታሪኩንም በሐረር ሆስፒታሎች የሚማሩ የሕክምናና የአዋላጅነት ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ ሊያውቁት ይገባል።

ስሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ ነው። በ1818 ዓመት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በሀንጋሪ አገር በቡዳ ከተማ ከነጋዴ ቤት ተወለደ። ሕግ ሊማር ወደ ቪየና ሄዶ ሳለ ወዲያው ወደ ሕክምና ዞረ፤ በ1846ም በቪየና ታላቅ ሆስፒታል በወሊድ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆነ።

የወሊዱም ክፍል ሁለት ነበረ። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይማሩ ነበር። በአዋላጆቹ ክፍል ከ100 እናቶች 4 ያህል፣ በሐኪሞቹ ክፍል ግን 10 ያህል በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። ድኾቹ ሴቶች ይህን ስላወቁ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይገቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን የአየር መበላሸት ነው ይሉ ነበር።

ዜመልቫይስ የወላዶቹን አተኛኘት ለወጠ፤ ለሚሞቱት ቍርባን ይዞ የሚያልፈው ቄስም ደወል ሳይደውል በሌላ መንገድ እንዲሄድ አደረገ። ሞቱ አልቀነሰም። በማርች 1847 ግን ኮሌችካ የሚባል ወዳጁ ሬሳ ሲመረምር የተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወጋውና ታሞ ሞተ። ዜመልቫይስ የአስከሬኑን ምርመራ ባነበበ ጊዜ በሽታው የእናቶቹ በሽታ መሆኑን አስተዋለ። ሐኪሞቹ ጠዋት ሬሳ ከፍተው ሲመረምሩ ቈይተው ወደ ወላዶቹ ይገቡ ነበርና፤ አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም ነበር።

ከሁሉ አብልጦ ሬሳ ይመረምር የነበረው እርሱ ራሱ ነበረ። ይህን አልሸሸገም፤ በእጁ ምክንያት ወደ መቃብር የወረዱትን ቍጥር የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ እንደ ሆነ በመጽሐፉ ጻፈ። እንደ እኔ አሳብ ከግኝቱ ይልቅ ይህ ኑዛዜ ይበልጣል።

ሳሙና ብቻ የሬሳውን ሽታ ከእጅ ስለማያስለቅቅ፣ ከሜይ 1847 ጀምሮ የሚገባ ሁሉ የክሎሪን ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ እንዲታጠብ አዘዘ። በአፕሪል ከ100 እናቶች 18 ሞተው ነበር፤ በጁን 2 ያህል ብቻ ሞቱ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ግን ካንሰር ያለባት አንዲት ሴት ከተመረመረች በኋላ፣ በእርስዋ አጠገብ ከወለዱት 12 እናቶች 11 ሞቱ። ስለዚህ ሲገቡ ብቻ ሳይሆን ከአንዲቱ ወደ ሌላይቱ ሲያልፉም መታጠብ እንደሚያስፈልግ ተረዳ።

ዛሬም ሐኪም የሚስተው በዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው መመሪያ አምስት ጊዜያትን ይቈጥራል፤ የሐረር ሰው በጀጎል አምስት ጥንታውያን በሮች ሊያስታውሳቸው ይችላል። እነርሱም፣ በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚሻ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ደም ወይም የገላ ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ ናቸው። ጓንት መልበስ መታጠብን አያስቀርም። ውኃ የለም የሚል ምክንያትም ይሰማል፤ የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደረቀ ጊዜ ሐረር የውኃን ችግር አይታለችና ነገሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እጅ በግልጽ ካልቈሸሸ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ በአልኮል ማሸት ይበቃል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ብዙ ሐኪሞች እጃችሁ ይገድላል መባላቸው ስድብ መሰላቸው። ተሕዋስያኑም ገና አልታወቁም ነበርና ዜመልቫይስ ሊያሳያቸው አልቻለም። በ1849 ሹመቱ ሳይታደስ ቀረ፤ ወዳጆቹን ሳይሰናበት ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያም በፔሽት እናቶችን አዳነ፤ መጽሐፉን ግን እስከ 1861 ድረስ አዘገየ። ከዚያም ለተቃወሙት ነፍሰ ገዳዮች እያለ ደብዳቤ ጻፈባቸው። እውነቱ የእርሱ ነበረ፤ ነገር ግን የተሰደበ ሰው ወደ ማስታጠቢያው አይሄድም።

በ1865 አእምሮው ታወከ። ወዳጆቹ አታልለው ቪየና ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን ቤት አስገቡት፤ ጠባቂዎቹም ደበደቡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በ47 ዓመቱ፣ በእጁ ላይ የነበረው ቍስል መርዞ ሞተ። ሬሳውንም ወደ ቀድሞው ሆስፒታሉ ወስደው መረመሩት።