መስበክ ሲከለከሉ ፊደል ያስቆጠሩት አናሲሞስ ነሲብ

ስልካችሁ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያ ካለ እስቲ አንዴ ክፈቱትና የቋንቋዎቹን ዝርዝር እዩት። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ አፋን ኦሮሞ… የፈለጋችሁትን ነካ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ከዛሬ መቶ ሃያ ምናምን ዓመት በፊት ግን ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንዲገባ አንድ ሰው የጉልምስና ዕድሜውን ከፍሎበታል። ያ ሰው በልጅነቱ እንደ ዕቃ የተሸጠ ባሪያ ነበር።

ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያኑ ነው። ልጁ በ1856 አካባቢ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ሁሩሙ አቅራቢያ ተወለደ። ስሙ ሂካ ነበር። ሂካ በአፋን ኦሮሞ ፈቺ፣ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም። አባቱ የሞቱት ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ከቀዬው እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው መርከብ ነበር። በ1870 ግን ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው። ልጁም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ።

እዚያ ፊደል ቆጠረ፣ አብሮም ሃይማኖት ተማረ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ አናሲሞስ የሚል ስም ወጣለት። አዲስ ኪዳንን ያነበበ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው አጭር ደብዳቤ ውስጥ ያለው ባሪያ ነው፤ የስሙም ትርጉም ጠቃሚ ማለት ነው። ወጣቱ አናሲሞስም በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ሚሲዮኑ ወደ ስዊድን ልኮ ዮሐንስሉንድ በተባለው ትምህርት ቤት አምስት ዓመት አስተማረው።

እንግዲህ አስቡት። ነፃ ወጥቷል፣ ተምሯል፣ አውሮፓን አይቷል። ብዙዎቻችን ብንሆን እዚያው እንቀር ነበር። አናሲሞስ ግን በ1881 ተመልሰው መጡ። ምሕረት ኃይሉን አገቡና ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ተወለዱበት አገር ለመሄድ ተነሡ። ያሰቡት ለወገናቸው በገዛ ቋንቋው ወንጌልን ማስተማር ነው። በመሀል አገር በኩል ለሚሲዮን ሰዎች መንገድ ስላልነበረ በሱዳን ዞሩ። አሶሳ ድረስ ዘለቁ፤ ከዚያ በላይ ግን ማለፍ አልተቻለም። በሽታ ጣላቸው፣ ለሞት ደረሱ፣ በ1882 ሚያዝያ እንደምንም ካርቱም ተመለሱ። ሚሲዮኑ በ1886 የላከው ሁለተኛው ጓድ ደግሞ እንጦጦ ድረስ ደረሰና ምኒልክ ስላልፈቀዱ ከዚያ ተመለሰ።

በሩ ሁለት ጊዜ ተዘጋ። ሰው ካልገባ መጽሐፍ ይግባ ብለው ይመስላል፣ አናሲሞስ እምኩሉ ተቀምጠው መተርጎም ያዙ። እዚህ ላይ ግን ሌላ ችግር መጣ። ከቤታቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለነበር የእናታቸው ቋንቋ ከአፋቸው እየጠፋ ነበር። ቋንቋው የሚነገርበት አገር ሩቅ ነው፤ የሚጠይቁት ሽማግሌ በአጠገባቸው የለም።

የደረሰችላቸው አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ናት። እሷም በባርነት ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሏት እምኩሉ የገባች ናት። ጆሮዋም ማስታወሷም የተለየ ነበር። ወደ አምስት መቶ የሚሆኑ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አባባሎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ሰበሰበች፤ ለትርጉሙ ማቃኛ የሚሆን መዝገበ ቃላትም አዘጋጀች። አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ታተመ። ብሉይ ኪዳን ተጨምሮበት ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1897 ተጠናቀቀና በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ሳንክት ክሪሾና በሚባል ቦታ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። በአማርኛ ሙሉው ከታተመ ያኔ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በመሀል፣ በ1894 የታተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው። የፊደል መማሪያ ነው። አስቴር ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና አባባሎች ብዙዎቹ እዚያ ገብተዋል። ሰውየው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጉመው አንባቢ ከሰማይ ይውረድ አላሉም። ማንበብ የማይችል ሰው መጽሐፉ በቋንቋው ቢጻፍለትም ያው ዝግ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ፊደል፣ ያውም ልጁ ከአያቱ በሰማው ተረት። የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም፣ ማለትም በጥያቄና መልስ የተዘጋጀውን የሃይማኖት ትምህርትም ተርጉመዋል።

የዘመኑን ትምህርት ካወቅን ነገሩ የበለጠ ይገባናል። ያኔ በአገራችን ትምህርትና ሃይማኖት አንድ ነበሩ። ልጅ የኔታ ዘንድ ሄዶ ሀሁ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስን ይዘልቃል፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ይህ ትምህርት አገሪቱን በጸሐፊና በሊቅ ያቆመ ነው፤ ማንም አይክደውም። ዳዊቱ ግን በግዕዝ ነው። የሚያነበውን እስኪረዳ ልጁ ቅኔ ቤትና ትርጓሜ ቤት ድረስ መዝለቅ ነበረበት፤ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ጥቂት ነው። አናሲሞስ የያዙት መንገድ ልጁ ገና ከመጀመሪያው ቀን የሚያነበው እንዲገባው የሚያደርግ ነበር።

በ1904 በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተና አስቴርንና ሌሎች ጓደኞቻቸውን ይዘው ነቀምት ገቡ። ከተወሰዱ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። የወለጋው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ሲማር ደስ ቢለውም ያልወደዱትም ነበሩ። የአካባቢው ካህናት አፋን ኦሮሞ ስለማያውቁ የሚነገረውን መከታተል አልቻሉም፤ የሃይማኖት ጠባቂ ደግሞ የማይሰማውን ትምህርት ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የቅድስት ማርያምን ክብር ይነካሉ የሚል ክስ ቀረበባቸው። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቆሙና እንዲጋዙ ተወሰነ። አፄ ምኒልክ ግን ውሳኔውን ለወጡት፤ ነቀምት መመለስ ትችላለህ፣ መስበክ ግን አትችልም ሆነ ፍርዱ።

እስቲ በእሳቸው ቦታ ሁኑ። ሠላሳ አምስት ዓመት የጓጉለት ቦታ ደርሶ አፍን ዝጋ መባል። መማረር ይቻል ነበር፤ ጥሎ መሄድም ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ወደ ትምህርት ቤታቸው ገቡ። አደባባዩ ሲከለከል ክፍሉ ቀርቶላቸዋል። አሥር ዓመት ያህል ፊደል አስቆጠሩ፣ ልጆች አስነበቡ። ማንበብ የቻለ ልጅ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ለእናት ለአባቱ ያነባል። በስብከት አንድ ቀን የሚሰማውን፣ መጽሐፉ እጁ ላይ ያለ ሰው በፈለገው ቀን ይመለስበታል።

በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱን የሻረው አልነበረም። አናሲሞስ መጻሕፍቱን እያደሉ፣ እያስተማሩ ኖሩና እሁድ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነቀምት ላይ አረፉ።

ሃይማኖታችሁ ከእሳቸው ይለይ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የልጅ እምነት ግን በማስታወስ ብቻ እንዳይቀር ከተፈለገ፣ የሚለው ነገር ለራሱ ሊገባው ይገባል። ዛሬ መጽሐፉ በሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ፤ ስልኩም፣ ዳታውም፣ ቋንቋውም ሞልቷል። ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ማታ አንድ ገጽ አብራችሁ አንብቡና ምን ገባህ፣ ምን ገባሽ ብላችሁ ጠይቁ። አናሲሞስ አሥር ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩት ይሄንኑ ነበር።